ሽሮፑን ለወላጅ ተውት

የሕፃናትን መድኃኒት ደኅንነት ለመጠበቅ ሁለት መንገዶች አሉ። አንደኛው አድካሚ ነው፤ መንግሥት ፋብሪካውን ይፈትሻል፣ ጥሬ ዕቃውን ያስመረምራል፣ ያልተመረመረውን ከወደብ ይመልሳል። ይህ ገንዘብ ያስወጣል፣ ወረቀት ያበዛል፣ ነጋዴ ያስቀይማል። ሁለተኛው መንገድ ጉዳዩን ለወላጅ መተው ነው። ወጪ የለውም፣ የአምራቹን ነጻነት አይነካም፣ ጥፋት ሲደርስም አጣሪ ኮሚቴ አያስፈልገውም፤ ጥፋተኛዋ ማንኪያውን እንደያዘች እዚያው ትገኛለች። ይህ ሁለተኛው መንገድ «የግል ኃላፊነት» ይባላል። አጥብቀው የሚያስተምሩት ቁጥጥር ሲጠብቅ ትርፋቸው የሚሳሳባቸው ሰዎች ስለሆኑ፣ ከነመሣሪያዎቹ ጠንቅቆ ማወቅ ይገባል።

የመጀመሪያው መሣሪያ የእናት ዓይን፣ አፍንጫና ምላስ ነው። ዳይኢትሊን ግላይኮል ለፍሬን ዘይትና ውሃ በረዶ እንዳይሠራ ለሚያደርጉ የመኪና ፈሳሾች መሥሪያ የሚያገለግል ኬሚካል ነው። ሽሮፕ የሚሟሟባቸውን ግሊሰሪንና ፕሮፒሊን ግላይኮልን ይመስላል፤ በዋጋ ግን ይረክሳል። ስለዚህ አንዳንዴ በስህተት፣ አንዳንዴም በስስት ወደ ሽሮፕ በርሜል ይገባል። የጠጣው ልጅ ሆዱን ያመዋል፣ ያስመልሰዋል፣ ከዚያ ሽንቱ ይቆማል፤ ኩላሊቱ ሥራ አቁሟል ማለት ነው። ጠንቃቃ እናት ጠርሙሱን ወደ መስኮት አቅርባ ብታየው ጥርት ያለ ነው። ብታሸተው አይሸትም። በጣቷ ጫፍ ብትቀምሰው ይጣፍጣል፤ እንዲያውም ልጁ ሳያለቅስ የሚጠጣው መድኃኒት ተገኘ ብላ ደስ ይላታል።

የስሜት ሕዋሳት እዚህ ላይ ካበቁ ሁለተኛው መሣሪያ ይቀጥላል፤ ጋዝ ክሮማቶግራፍ ይባላል። በሽሮፕ ማሟሚያ ውስጥ የሚፈቀደው የዚህ መርዝ መጠን ከ0.1 በመቶ መብለጥ ስለሌለበት፣ ኃላፊነት የሚሰማው ቤተሰብ መሣሪያውን ከረከቦቱ አጠገብ አስቀምጦ፣ ልጁ በትኩሳት ሲቃጠል በእኩለ ሌሊት ናሙና ማስገባት ይጠበቅበታል። ለማነጻጸሪያ የሚሆነውን ንጹሕ ናሙና ከጎረቤት መበደር ይቻል እንደሆነ የሥርዓቱ አስተማሪዎች እስካሁን አላብራሩም።

ሦስተኛው መሣሪያ ንባብ ነው። «ማሸጊያውን ያነበበ አይሳሳትም» ይባላል። ማሸጊያው ግን የሚናገረው ሕግ እንዲናገር ያስገደደውን ብቻ ነው። በአሜሪካ ጥርስ ለሚያበቅሉ ሕፃናት ይሸጥ የነበረው የሚስዝ ዊንስሎው ማስታገሻ ሽሮፕ ውስጡ ሞርፊን ነበረበት። ሕፃኑን ዝም በማሰኘት ረገድ እንከን አልነበረውም፤ ዝም ካሉት መካከል ዳግም ያልነቁ ነበሩ። ማንበብ የምትችል እናት ሞርፊን የሚለውን ቃል በጠርሙሱ ላይ ማግኘት የጀመረችው እ.ኤ.አ. የ1906ቱ ሕግ ካስገደደ በኋላ ነው። አብዛኛውን መድኃኒቷን ከውጭ በምታስገባው ኢትዮጵያ ደግሞ የንባቡ ትምህርት ከፍ ያለ ነው። ከካርቶኑ የሚወጣው ወረቀት እጥፍጥፍ ብሎ የተቀመጠ፣ ሲዘረጋ ክንድ የሚሞላ፣ ፊደሉ ጤፍ የሚያክል እንግሊዝኛ ነው። አማርኛ ብቻ ለምታነብ እናት የሚቀራት ካርቶኑ ላይ ያለውን የሕፃን ሥዕል ማየት ነው። ሥዕሉ ሁልጊዜ ጤነኛ ነው።

የሥርዓቱ ወርቃማ ዘመን በአሜሪካ እ.ኤ.አ. 1937 ነበር። በቴነሲ ግዛት ብሪስቶል ከተማ የነበረው ማሰንጊል ኩባንያ ሰልፋኒላማይድ የተባለውን ፀረ ባክቴሪያ፣ ክኒን መዋጥ ለሚያስቸግራቸው እንዲመች በፈሳሽ መልክ ለመሸጥ አሰበ። ኬሚስቱ ዱቄቱን በዳይኢትሊን ግላይኮል አሟሟው። ኩባንያው ምንም አልመረመረም ማለት ስም ማጥፋት ይሆናል፤ መልኩን፣ ሽታውንና ጣዕሙን መርምሮ አጥጋቢ ሆኖ አግኝቶታል። መርዛማነቱን መመርመር ግን ሕጉ ስላላስገደደው አልመረመረም። 240 ጋሎን ተመርቶ በየግዛቱ ተሠራጨ። ከ100 በላይ ሰዎች ሞቱ፤ ከእነዚህ ውስጥ ብዙዎቹ ሕፃናት ነበሩ። በኦክላሆማ የተልሳ ከተማ ነዋሪ የሆነች እናት ለፕሬዚዳንት ሩዝቬልት ደብዳቤ ጻፈች። ልጇ ስትታመም ሐኪም ጠርታለች፣ ሐኪሙ ያዘዘውን ሰጥታለች፣ ልጇን ቀብራለች። ከሦስቱ የትኛው ላይ ኃላፊነት እንደጎደላት ማሳየት የሥርዓቱ ደጋፊዎች ፈንታ ነው።

የመንግሥት ተቆጣጣሪዎች ጠርሙሶቹን ሊሰበስቡ ሲወጡ አንድ ችግር ገጠማቸው፤ ሰው በመግደሉ ምክንያት መድኃኒት ከገበያ እንዲነሣ የሚያዝ ሕግ አልነበረም። ያዳናቸው ስሙ ነው። ጠርሙሱ ላይ «ኤሊክሲር» ተብሎ ነበር፤ ኤሊክሲር ደግሞ አልኮል ሊኖረው ይገባል፤ ይህኛው አልነበረውም። ስለዚህ መድኃኒቱ የተያዘው መርዝ በመሆኑ ሳይሆን አልኮል ስለጎደለው ነው። አምራቹ «ሶሉሽን» ብሎት ቢሆን ኖሮ በሕግ ፊት ንጹሕ ነበር። ከ240ው ጋሎን 234 ያህሉ ተሰበሰበ፤ ያን ሁሉ ሕዝብ የጨረሰው የቀረው ስድስቱ ነው። የኩባንያው ባለቤት በደረሰው ማዘኑን፣ ነገር ግን በድርጅቱ በኩል ኃላፊነት አለ ብሎ እንደማያምን አስታወቀ። የግል ኃላፊነት ከወላጅ ወደ አምራች የማይሻገር መሆኑ በዚህ ተረጋገጠ። የተከፈለው ቅጣት 26,100 ዶላር ነበር፤ እሱም ለሞቱት ሳይሆን ለተሳሳተው ስም። ዕዳው ገብስ ነው።

በዓመቱ የወጣው የ1938ቱ ሕግ ማንኛውም አዲስ መድኃኒት ከመሸጡ በፊት ደኅንነቱ እንዲታይ አዘዘ። የሥርዓቱ አስተማሪዎች ይህን ይተቻሉ። ገበያው ራሱ መጥፎውን አምራች ይቀጣል፣ ደንበኛ ይሸሸዋል ይላሉ። እውነት ነው፤ ኩላሊቱ የቆመ ሕፃን ያንን ሽሮፕ ዳግም አይገዛም። መጥኖ መደቆስ ቀድሞ ነበር የሚለው ተረት ለወጥ ሠሪ እንጂ ለመድኃኒት ገበያ እንዳልተነገረ መረዳት ይበቃል።

ወላጅ ድርሻ የለውም ማለት አይደለም። ያለፈ ዓመት የተረፈ ሽሮፕ አለመስጠት፣ የጎረቤት ልጅን መድኃኒት አለመዋስ፣ ከጠርሙሱ ጋር በመጣው መለኪያ መለካት የቤት ሥራ ነው። የሾርባ ማንኪያ የሻይ ማንኪያን ሦስት እጥፍ ይይዛል፤ ይህን ማወቅ ከእናትና ከአባት ይጠበቃል። እዚህም ላይ ግን ፋብሪካ ወጥመድ ሲዘረጋ ታይቷል። በአሜሪካ እስከ 2011 ድረስ ፓራሲታሞል በሁለት ዓይነት ፈሳሽ ይሸጥ ነበር። ለጨቅላ የሚሰጠው ጠብታ በየ0.8 ሚሊ ሊትሩ 80 ሚሊ ግራም፣ ለትልልቆቹ የሚሰጠው ሽሮፕ በየ5 ሚሊ ሊትሩ 160 ሚሊ ግራም ይዞ ነበር፤ ለትንሹ የተመደበው ከትልቁ ሦስት እጥፍ ይበረታ ነበር ማለት ነው። ጠብታውን በሽሮፕ መለኪያ የሰጠ ወላጅ «አላነበበም» ተባለ። ክዳኑም እንዲሁ ነው። ለዘመናት መድኃኒትን ከፍ ያለ መደርደሪያ ላይ ማስቀመጥ በቂ ነው ሲባል ኖሯል፤ ወንበር ግን ሕፃናት ባሉበት ቤት ሁሉ አለ። በ1967 ካናዳዊው ሐኪም ሄንሪ ብሮ ተጭኖ ካልተጠመዘዘ የማይከፈት ክዳን አስተዋወቀ፤ አሜሪካም በ1970 ሕግ አወጣችለት። ሕጉ ሥራ ላይ ከዋለ በኋላ በመድኃኒት የሚመረዙ ሕፃናት ቁጥር ወረደ። እናቶች በዚያ ዓመት በድንገት ኃላፊነት ተሰምቷቸው እንደሆነ አይታወቅም።

ሥርዓቱ ያለፈ ታሪክ ብቻ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2022 በጋምቢያ 70 ያህል ሕፃናት ከህንድ በመጣ የሳልና የጉንፋን ሽሮፕ ምክንያት ኩላሊታቸው ቆሞ ሞቱ። ሀገሪቱ መድኃኒት የምትመረምርበት ላቦራቶሪ አልነበራትም፤ በሌላ አነጋገር ለእናቶቿ ሙሉ ነጻነት ሰጥታለች። ከሞቱ በኋላ ሽሮፑን በየቤቱ እየዞሩ መሰብሰብ ተጀመረ፤ ከ85 ዓመት በፊት አሜሪካ እንዳደረገችው። በዚያው ዓመት በኢንዶኔዥያ ከ200 በላይ ሕፃናት በተመሳሳይ መንገድ አለቁ። ፕሮፒሊን ግላይኮል ተብሎ የተጻፈበት በርሜል ውስጡ ሌላ ነበር፤ የበርሜሉን ጽሑፍ ፋብሪካውም አምኖ ተቀብሏል። ያልተመረመረው በርሜል በፋብሪካው በር አልፎ፣ ጠርሙስ ሆኖ ሲወጣ የምርመራው ተራ የእናትየዋ ሆነ። የአንዱ ፋብሪካ ኃላፊዎች የሁለት ዓመት እስራት ተፈረደባቸው።

ህንድም ከዚህ ተምራ፣ ከሰኔ 2023 ጀምሮ የሳል ሽሮፕ በመንግሥት በታወቀ ላቦራቶሪ ተመርምሮ ማረጋገጫ ሳያገኝ ከሀገር እንዳይወጣ አዘዘች። ግዴታው ወደ ውጭ የሚላከውን የሚመለከት ነበር፤ የገዛ ልጆቿ የሚጠጡት ግን በግል ኃላፊነት ሥርዓት ሥር ቆየ። በ2025 በማድያ ፕራዴሽ ግዛት ከ20 በላይ ሕፃናት ሞቱ፤ አብዛኞቹ ከአምስት ዓመት በታች ነበሩ። የጠጡት ሽሮፕ ሲመረመር ዳይኢትሊን ግላይኮሉ 48.6 በመቶ ሆኖ ተገኘ፤ ግማሽ መድኃኒት፣ ግማሽ መርዝ። ፋብሪካው ከሞቱ በኋላ ተፈትሾ ጉድለቱ በመቶዎች ተቆጠረ። ለእስር ግን የተፈለገው መጀመሪያ ሽሮፑን ያዘዘው የሕፃናት ሐኪም ነበር፤ የፋብሪካው ባለቤት የተያዘው ከቀናት በኋላ ነው።