የቢላ ልጅ ምላሱ ሲደነዝ

«ተናግሮ መታከም ምን የሚሉት ቅብጠት ነው? ወለጋ ጠንካራ ነው፤ ቻለውና እርሳው!» አልክ አሉ፤ ገበያ መሃል፣ ሰው በተሰበሰበበት። የወለጋዋ የቢላ ከተማ ልጅ ሆነህ ምላስህ እንዲህ ይደንዝ? እናንተ ሰዎች፣ ጠጋ በሉና ስሙልኝ!

እርሳው፣ እርሳው እያልክ ስንቱን በቁሙ ሬሳ አደረግኸው! ጎማ በፈነዳ ቁጥር ጀበናዋን ጥላ መሬት ላይ የምትተኛዋ ሴት ረስታ ነው? አፏ ረሳሁ ቢልህ ጉልበቷ ያሳብቃል።

«ጊዜ ያሽረዋል» ደግሞ አልክ። ጊዜ ሐኪም ከሆነ ካርድ የሚወጣው የት ነው? ስንቱ የወለጋ ሰው ቤቱ ተቃጥሎ፣ ወንድሙን ቀብሮ፣ ነቀምቴ ተጠግቶ፣ «ተረጋግቷል» ሲባል ተመልሶ፣ እንደገና ሸሸ! መከራው ፋታ ሳይሰጠው ያንተ ጊዜ በየት በኩል ይግባለት? የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. ከ2022 ጀምሮ ሥራ ላይ ባዋለው የበሽታዎች መዝገብ ይህ ተደራራቢ የሥነ ልቦና ጉዳት ራሱን የቻለ ስም አግኝቷል። ቅዠትና ድንጋጤ ብቻ አይደለም። ሰውየው ቁጣውን መግታት ያቅተዋል፤ ራሱን የማይረባ አድርጎ ያያል፤ ሰው ሲቀርበው ይሸሻል። አንተ «ጠባዩ ተበላሸ» ብለህ ቡና መጥራት የተውከው ጎረቤትህ እኮ ነው! ጠባይ መርማሪ!

«ጸሎት ይበቃል» አልክ። ጸልይ፣ ማን ከለከለህ? ወባ ሲይዝህ ግን ጸልየህም ኪኒን ትውጣለህ።

«ሐኪሙ ቁስል ይነካካል» አልክ። ቁስል የምትነካካውስ አንተ ነህ፤ ለቅሶ ቤት ገብተህ «እንዴት አድርገው ገደሉት?» የምትል! አሜሪካዊቷ የአእምሮ ሐኪም ጁዲት ኸርማን እ.ኤ.አ. በ1992 ባሳተመችው መጽሐፍ የማገገሚያውን መንገድ በቅደም ተከተል አስቀምጣዋለች፦ መጀመሪያ ደኅንነት፣ ቀጥሎ ማስታወስና ማልቀስ፣ ከዚያ ወደ ሰው መመለስ። ደህና ባለሙያ ገና በመጀመሪያው ቀን «ዘርዝር» አይልም። እግርህን መሬት ያስረግጥሃል፣ ትንፋሽህን ያረጋጋልሃል፣ «አሁን የት ነህ? አጠገብህ ማን አለ?» ይልሃል። ተኩሱ ሲቆም ደግሞ ሕክምናው የበለጠ ይሠራል፤ መንግሥትና ታጣቂዎቹ ታንዛኒያ ላይ እ.ኤ.አ. በ2023 ሁለቴ ተደራድረው ሁለቴም ሳይስማሙ መለያየታቸው የሚያንገበግበኝ ለዚህ ነው።

«አባቶቻችንን ማን አከማቸው?» አልክ። እንኳን ጠየቅኸኝ! ኦኔሲሞስ ነሲብን እንውሰድ። በልጅነቱ ተሰርቆ ለባርነት ተሸጠ። እ.ኤ.አ. በ1870 ምጽዋ ላይ ነፃ ወጣ፤ ደኅንነት ይሄ ነው። ከዚያ እንደሱ ከባርነት ከወጣችው ከአስቴር ጋኖ ጋር ሆኖ የእናቱን ቋንቋ ጻፈ፣ ተረትና ዘፈን ተሰበሰበ፣ በ1899 መጽሐፍ ቅዱስ በኦሮምኛ ታተመ። በ1904 ነቀምቴ ገብቶ ልጆች አስተማረ። ማን «ዋጥ አድርገው» አለው? አፍ አግኝቷል፣ ሰሚ አግኝቷል፣ አገሩ ገብቷል። አንተ ከሦስቱ የቱን ሰጠህ?

እና አያ ጠንካራ፣ ጎረቤትህ ነቀምቴ ሆስፒታል ልሂድ ብሏል። ከቢላ ከመቶ ኪሎ ሜትር በላይ ነው፤ ቀጠሮው ደግሞ አንድ ቀን ብቻ አይደለም። ቻለው ማለት ካማረህ መሳፈሪያውን ቻለው!