ለብሎካችን ኮሚቴ፤ «የሚንጠባጠበው ይደፈን» ስለተባለው ቦይለር

ለ፦ የብሎካችን የቤት ባለቤቶች ኮሚቴ
ጉዳዩ፦ የቦይለሬን ሴፍቲ ቫልቭ በቡሎን ስለመድፈን

የተከበራችሁ የኮሚቴው አባላት፣

ከላይ በርዕሱ እንደተጠቀሰው፣ እሁድ ተሰብስባችሁ በመታጠቢያ ቤቴ ላይ ያሳለፋችሁት ውሳኔ ማህተም ተደርጎበት በበሬ ስር ገብቶ ደርሶኛል። ከሁሉ አስቀድሜ ፍጥነታችሁን ላደንቅ እወዳለሁ። የደረጃው አምፖል ከተቃጠለ ወዲህ ሊቀመንበር ተቀይሯል፤ አምፖሉ ግን እንዳለ ነው። የእኔ ቦይለር በአንጻሩ በአንድ ስብሰባ፣ ያውም ማንም ደረጃውን ወጥቶ ሳያየው፣ ተመርምሮና ጥፋተኛ ተብሎ ቅጣቱ ተቆርጦለታል።

ከቃለ ጉባኤው እንደተረዳሁት፣ ከእኔ በታች ያሉት እማማ ጣሪያ ላይ እንጀራ የሚያህል እድፍ ወጥቷል፤ ከእኔ ቦይለር ስር ደግሞ ውሃ ጠብ ጠብ ይላል። እድፉን ወርጄ አይቻለሁ፣ ለእማማም አዝኛለሁ። እድፉና ጠብታው በምን እንደተዛመዱ ግን ቃለ ጉባኤው አይናገርም።

ስለ ተከሳሹ ትንሽ ላስረዳ። ቦይለሩ 80 ሊትር ይይዛል። ቀዝቃዛ ውሃ ገብቶ እስከ 65 ዲግሪ ሲሞቅ ወደ 2 በመቶ ገደማ ያብጣል፤ አንድ ሊትር ተኩል ያህል ትርፍ ውሃ ማለት ነው። ወደ መጣበት ቧንቧ እንዲመለስ መዝጊያው አይፈቅድለትም፤ ሙቅ ውሃ የሚከፍት ሰው ከሌለ በሌላም በኩል መውጫ የለው። ግፊቱ ቫልቩ ላይ ከተጻፈው ልክ ሲደርስ (ብዙ ጊዜ 8 ባር ነው) በጎን ባለችው አፍንጫ ይንጠባጠባል። ቦይለሩ ሲበራ ጀምሮ ውሃው ሞቆ ሲያበቃ የሚያቆም ጠብታ የጤና ነው፤ በቀጭን ቱቦ ወደ ወለሉ ማፍሰሻ መምራት ብቻ ይበቃዋል፤ መርቼዋለሁም። ቦይለሩ ጠፍቶ ሳለ ሌሊቱን ሁሉ የሚንጠባጠብ ቢሆን ኖሮ፣ ወይ አሸዋ መዝጊያው ላይ ተቀምጧል፣ ወይ ሰፈሩ ሲተኛ የመስመሩ ግፊት ከልክ ያልፋል እል ነበር። የእኔው ግን ማታ አጥፍቼው ከተኛሁ ትንፍሽ አይልም።

ምርመራው ማህተም አይጠይቅም። ብሬከሩን ታወርዳላችሁ፣ ሁሉንም በጨርቅ ታደርቃላችሁ፣ በየመገጣጠሚያው ሶፍት ትጠቀልላላችሁ፤ ቀድሞ የራሰው ይመሰክራል። ፍሌክሲብሉ ጋ ያለው ከራሰ ቴፍሎን ይበቃዋል። ከስር ካለው የፕላስቲክ ክዳን ውስጥ ከመጣ የሬዚስታንሱ ጎሚኒ አልቋል፤ እዚያ ውሃና መብራት ጎረቤት ስለሆኑ ብሬከሩ ሳይወርድ እጅ አይገባም። ዝገት የቀላቀለ ውሃ ከውጭው ቆርቆሮ መጋጠሚያ ከወረደ ግን የውስጡ ጋን ተበልቷል፣ ብየዳም አያድነውም። (በነገራችን ላይ፣ ጋኑ እንዳይዝግ በእሱ ፈንታ እየተበላች የምታልቅ የማግኒዥየም ዘንግ ውስጡ አለች። በብሎካችን መኖሯን የሚያውቅ ያለ አይመስለኝም፤ የኮሚቴ አባል ብትሆን ኖሮ አበል ትጠይቅ ነበር።)

የእኔ ሶፍት በሙሉ ደርቆ ነው ያደረው።

እድፉ ያለው በቦይለሩ አቅጣጫ ሳይሆን በሻወሩ ማፍሰሻ ትክክል ነው። እማማ ራሳቸው «ልጆቹ ሲታጠቡ ነው የሚብሰው» ብለውኛል፤ ይህን አረፍተ ነገር ቃለ ጉባኤው ውስጥ ብፈልገው አጣሁት። ቀይ ስር የተቀቀለበትን ውሃ ሻወሩ ወለል ላይ ደፍቼ እድፉ ቀልቶ እንደሆነ ለማየት ፈቃዳቸውን ጠይቄ፣ ቀለም ቀቢ በእኔ ሂሳብ እንዲመጣ ተስማምተናል። ምናልባት ወለሉ ነው፤ ያኔ እኔ እከፍላለሁ። ምናልባት ደግሞ ከላይ እስከ ታች የሁላችንን ፍሳሽ የሚያወርደው ቱቦ ነው። አዋጅ ቁጥር 370/1995 ከቤቶቹ ውጪ ያለውን የህንፃ ክፍል የጋራ ይለዋል፤ የጋራ የሆነ ነገር የሚጠገነው ደግሞ እናንተ ቁልፉን ከያዛችሁት ካዝና ነው። አይጥ በበላ ዳዋ ተመታ የሚባለው ተረት ለእናንተ እንደማይነገር አውቃለሁ፤ ቦይለሬ ላይ የታየው ጥድፊያ ግን አስታወሰኝ።

ቡሎኑን በተመለከተ። ቴርሞስታቱ አንድ ቀን ተጣብቆ አልጠፋ ቢል፣ አዲስ አበባ ላይ በ92 ዲግሪ ገደማ የሚፈላው ውሃ በታፈነ ጋን ውስጥ ሳይፈላ ከዚያ በላይ ይሞቃል። ጋኑ የተቀደደ ለታ ከፊሉ በቅጽበት እንፋሎት ይሆናል፤ አንድ ሊትር ውሃ ከ1,600 ሊትር በላይ እንፋሎት ይወጣዋል። ያን ጊዜ የእማማ ጣሪያ እድፍ አይኖረውም፤ ጣሪያም አይኖራቸው። ስለዚህ ቡሎን ይዞ የመጣውን ልጅ ሻይ ጋብዤ ሸኝቼዋለሁ።

ቅዳሜ ጠዋት ቀይ ስሩ ይደፋል። ቡና ይፈላል፤ ደረጃው ጨለማ ስለሆነ ባትሪ ይዛችሁ ኑ።

ከሰላምታ ጋር
የ4ኛ ፎቅ ነዋሪ

ግልባጭ፦
ለታችኛው ፎቅ እማማ
ለብሎኩ እድር (ቡሎኑ ከገባ ጉዳዩ ስለሚመለከተው)