«እኔ ነኝ የምከፍለው!»፦ በሂሳብ ግብግብ ላይ የተደረገ ቅድመ ጥናት

የመስተንግዶ ተመራማሪዎች ስለ አልጋ ብዛት፣ ስለ ቱሪስት ቁጥርና ስለ አገልግሎት ጥራት ብዙ ጽፈዋል። በየትንንሽ ምግብ ቤቶቻችን ምሳ ባለቀ ቁጥር የሚነሣውን ግብግብ ግን ደፍሮ የመረመረ ስላላየን፣ ይህን ቅድመ ጥናት ለማቅረብ ተገደናል። መረጃው የተሰበሰበው ምሳ እየተበላ ነው። ሂሳቡን ማን እንደከፈለው፣ ለጥናቱ ገለልተኝነት ሲባል አይገለጽም።

ከታሪክ እንነሣ። እቴጌ ጣይቱ አዲስ አበባ ላይ ሆቴል ባስከፈቱ ጊዜ በገንዘብ ገዝቶ መብላት ነውር ስለነበር ደፍሮ የሚገባ ጠፋ፤ አፄ ምኒልክ ራሳቸው መኳንንቱን አስከትለው በልተው፣ ከፍለው አስጀመሩ ይባላል። ያኔ ክፈል ተብሎ የተለመነው ሕዝብ ዛሬ አትክፈል ቢሉት ይጣላል። ይህን ያህል የተሳካ ፖሊሲ በሌላ መስክ አላገኘንም።

ፈረንሳዊው ማርሴል ሞስ በ1925 እ.ኤ.አ. ስለ ስጦታ ባሳተመው ዝነኛ ሥራው፣ ሰው የመስጠት፣ የመቀበልና የመመለስ ግዴታ እንዳለበት አሳይቷል። ማስረጃው በአብዛኛው ከፓስፊክ ደሴቶችና ከሰሜን አሜሪካ የመጣ ስለሆነ አራተኛው አምልጦታል፦ ለመክፈል እየታገሉ የመሸነፍ ግዴታ።

ትግሉ ስለ ገንዘብ አይደለም። ሰው ቤት ስንጋበዝ ጋባዡ ማን እንደሆነ አያከራክርም። ምግብ ቤት ግን ባለቤቲቱ ገንዘብ ስለምትቀበል ጋባዥ አትባልም፤ ስለዚህ የጋባዥነቱ ወንበር ባዶውን ይውላል። በሂሳቡ ወረቀት ላይ የሚጫረቱት ለዚያ ወንበር ነው። ሴትየዋ ወጧን፣ ጠረጴዛዋንና አስተናጋጇን ለአንድ ሰዓት አከራይታ፣ በገዛ ቤቷ ሌላ ሰው «ብሉ እንጂ፣ አልበላችሁም እኮ» ሲል ትሰማለች።

«በሞቴ!» «ኧረ በማርያም!» «እንዳትቀበይው!» አስተናጋጇ በተዘረጉ ብሮች መሐል ቆማ፣ ሕግ ባልወጣለት ጉዳይ በቅጽበት ትፈርዳለች። ዕድሜን ታያለች፣ ደንበኝነትን ታያለች፣ የማን ቲፕ እንደሚሻልም ሳታሰላ አትቀርም። ይግባኝ የለውም።

ኪስ የገባ እጅ ሁሉ ለመክፈል የገባ እንዳይመስላችሁ። ገብቶ እዚያው የሚከርም አለ፤ ጠባብ ሱሪ በዚህ ረገድ ለተመራማሪ ትልቅ ፈተና ነው። ሽሮ ላይ ያስተጋባ «እኔ ነኝ!» ክትፎ ላይ ሲለዝብም ሰምተናል። የምር ከፋይ ግን አይጮኽም። «እጄን ልታጠብ» ብሎ ይነሣና በገንዘብ ተቀባይዋ በኩል ዞሮ ይመለሳል። የቀሩት ለፍልሚያ ሲዘጋጁ «ተከፍሏል» ይባላሉ፤ ይቆጣሉ፤ ቁጣቸው ግን ፊታቸው ላይ የሚታየውን እፎይታ ሙሉ በሙሉ አይሸፍነውም።

በ2013 ዓ.ም. ቴሌብር ከመጣ ወዲህ መስኩ ተለውጧል። ብር የያዘ እጅ ይጠመዘዝ ነበር፤ አሁን ጠረጴዛ ሥር ተከፍሎ ያልቃል። መሸነፍ ለሚሻውም ወገን ከዚህ በፊት ያልነበረ የክብር መውጫ ተገኝቶለታል። ስልኩን ከፍ አድርጎ ወደ መስኮቱ ያዞርና «ኔትወርክ እምቢ አለኝ እኮ!» ይላል። ባልንጀሮቹም፣ የእነሱ ስልክ ደህና እየሠራ፣ ራሳቸውን በሐዘኔታ ይነቀንቃሉ።