የሻፍት ዘመዶች

በ1965 ዓ.ም. የወጣው «ሻፍት ኢን አፍሪካ» የተሰኘው ፊልም በከፊል ኢትዮጵያ ውስጥ ነው የተቀረጸው። ከዚያ ወዲህ አዲስ አበባ ውስጥ «ከኋላ የሚታየው የእኛ አባባ ነው» የማይል ቤት ማግኘት ከባድ ነው። በየቡናው የሚቆጠሩት አጎቶች በሙሉ ቢሰለፉ ኖሮ፣ መሪ ተዋናዩ ሪቻርድ ራውንድትሪ መቆሚያ አያገኝም ነበር።

ይህን የሚሉት ደግሞ፣ ቅድመ አያቶቻቸው የከተማዋን የመጀመሪያ ሲኒማ ቤት «የሰይጣን ቤት» ብለው እያማተቡ ያለፉት ሰዎች ናቸው። ሰይጣኑ መቼ ዘመድ እንደሆነ የሚያስታውስ የለም።

አንድ የፒያሳ ልጅ ፊልሙን ስልኩ ላይ አግኝቶ፣ እያቆመና እየመለሰ አያቱን ፈለገ። በመጨረሻ ጋቢ የሚመስል ነገር የለበሰ፣ ብዥ ያለ ጀርባ አገኘ፤ ግፋ ቢል ለግማሽ ሰከንድ። እናቱ መነጽራቸውን በነጠላቸው ጫፍ ጠረጉና ጠጋ አሉ።

«አካሄዱን አታየውም እንዴ?»

ሰውየው ቆሞ ነበር።

ቢሆንም ጀርባው ታትሞ ሳሎን ተሰቀለ፤ ከአያትየው የሠርግ ፎቶ ጎን። ሰላም የቆየው ጎረቤት ለቡና እስክትመጣ ነው። ቀና ብላ አየችና፣ «ውይ፣ አማቴን ከየት አገኛችኋቸው?» አለች።

ሁለቱ ቤቶች አሁን ቡና የሚያፈሉት ለየብቻ ነው።