ደግሞ ተመዝገቡ ተባልን

ባለፈው ሳምንት ደግሞ ተመዘገብን። ስንተኛው ምዝገባ እንደሆነ መቁጠሩን ትቼዋለሁ። መዝጋቢው ልጅ በሞተር መጣ፤ ከግራር ሥር ተቀምጦ ቅጹን ጉልበቱ ላይ ዘረጋና «ስንት ከብት ነበርዎት? ስንቱ ሞተ? ስንቱ ቀረ?» ብሎ አጎቴን ጠየቃቸው። አጎቴ በደህናውም ዘመን የከብታቸውን ቁጥር አፍ አውጥተው መናገር አይወዱም። «አምና ለመጣው ነግሬዋለሁ፤ እሱን ጠይቅ» አሉት። ልጁስ ምን ያድርግ፤ የአምናው ቅጽ የት እንደገባ እሱም አያውቅ። (ክፉ ልጅ አይደለም። የራሱም አበል በጊዜው እንደማይከፈለው አጫውቶናል።)

ቦረና ላይ ከ2013 ሀገያ (ከአጭሩ የዝናብ ወቅት) እስከ 2015 ሀገያ አምስት የዝናብ ወቅት ተከታትሎ ከሸፈብን። በዞናችን ያለቀው ከብት በሚሊዮን ይቆጠራል። ያኔ ድርቆሽ ተልኳል፤ አልተላከም አንልም። ግን የሚራገፈው የወረዳው ከተማ ላይ ነው፤ ከዚያ ወደ ቀበሌያችን የመኪናው ኪራይ በእኛ። አዋጥተን ስናመጣው ለአንድ አባወራ ሁለት እስር ደረሰ። ሁለት እስር! ለዚያውም አጎቴ ቤት ሲገባ ላሟ ከተኛች ሦስተኛ ቀኗ ነበር። የከሳ ከብት አንዴ ከተኛ በራሱ አይነሳም፤ ሁለት ሰው በጎንና በጎን፣ አንድ ሰው ጭራውን ይዞ ነው የሚያቆመው። አቆምናት። ድርቆሹን አሸተተች፣ ጎረሰች፣ ማኘኩ ግን አቃታት። አጎቴ በጣታቸው ከአፏ አውጥተው ለጥጃዋ ሰጡት።

መዝገቡ ላይ «ተረክበዋል» ይላል፤ የጣት አሻራቸውም አለበት።

መጋቢት 2015 ላይ ያ ሁሉ የተለመነ ዝናብ ጎርፍ ሆኖ መጣ። ከድርቁ የተረፈ አጥንትና ቆዳ ብርዱን አልቻለም፤ የአጎቴ ሁለት ጊደሮች በአንድ ሌሊት ሄዱ። ልናስመዘግብ ብንሄድ «ይሄ ቅጽ ለድርቅ ነው፤ የጎርፉ ገና አልመጣም» ተባልን። እስከ ዛሬም አልመጣም።

ኢንሹራንስ ግቡ የሚሉንም አሉ። ከ2004 ጀምሮ ቦረና ውስጥ ይሸጣል። ሬሳ ቆጣሪ አይልኩም፤ ሳተላይት የምድሩን ልምላሜ ከሰማይ ያያል፣ ከወትሮው ክፉኛ ካነሰ ይከፈላል። ሐሳቡን አልጠላሁትም፤ ቅጽ የሚያሳንስ ነገር ሁሉ ደስ ይለኛል። ዳሩ ግጦሻችንን ቁጥቋጦ ወርሶታል። ከላይ ለሚያይ እሱም አረንጓዴ ነው። የላም ምግብ ግን ሣር ነው፤ ቁጥቋጦ የሚቀነጥሱት ግመልና ፍየል ናቸው።

ድሮማ ቡሳ ጎኖፋ ነበር። ከብቱ ያለቀበትን ሰው ጎሳው ተሰብስቦ ጊደር ይሰጠዋል፤ ማስረጃ አምጣ የሚለው የለም፣ የማን በረት እንደተራቆተ ሁሉ ያውቃላ። በዚያ ድርቅ ግን የሁሉም በረት ተራቆተ። ማን ለማን ይስጥ?

ልጁ ሊሄድ ሲነሳ የአጎቴን ስልክ ቁጥር ጻፈ። ዝርዝሩ ሲጸድቅ ይደወልልዎታል አላቸው። እኛ ሰፈር ኔትወርክ የሚገኘው ከጉብታው ላይ ነው። ይኸው ከዚያን ቀን ወዲህ አጎቴ ጧት ጧት የቀሩትን ከብቶች ወደ ጉብታው ይነዳሉ። ለግጦሽ ነው ይላሉ። ጉብታው ላይ ሣር የለም።