ላብ ነው

ያረጀ ላንድክሩዘር የት እንዳደረ ለማወቅ ዘበኛ መጠየቅ አያስፈልግም፤ መሬቱ ይናገራል። ከፊት ጎማዎቹ መሀል ጥቁር ነጠብጣብ አለ፤ ባለቤቱ ጠንቃቃ ከሆነ ደግሞ ነጠብጣቡን የሚቀበል ካርቶን። ሲርስ የሚለወጠው ካርቶኑ ነው፤ መኪናው አይነካም። «ጋሼ፣ የፊት ዲፈረንሻሉ ዘይት እየጣለ ነው» ያለው ደፋር ሰው መልሱን ያውቀዋል፦ «ላብ ነው»። ላብ የት ላይ አብቅቶ መፍሰስ የት እንደሚጀምር የሚወስነው ባለቤቱ ብቻ ነው፤ ካርቶኑ ላይ ኩሬ ቢሠራም ላብ ነው።

ለመሸጥ ያሰበ ዕለት ግን ላቡ በአንድ ጠዋት ይደርቃል። ሆዱ በናፍጣ ታጥቦ ያብረቀርቃል። ገዢውም ቀለሙን በጣቱ እያንኳኳ፣ ኮፈኑን እያስከፈተ፣ ኪሎ ሜትሩን እየተጠራጠረ ይዞራል እንጂ ሱሪው እንዳይቆሽሽ ከሥሩ አይገባም። በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠራ የቤት መኪና እንዳይገባ ከተከለከለ ወዲህ ደግሞ የአሮጌው ክብር ጨምሯል፤ የሚያልበውም ሰውዬ እንጂ መኪና አይመስልም።

ላቡ ተመልሶ ጋራዥ ሲደረስ ምርመራው አጭር ነው። «ኦይል ሲሉ ሄዷል።» ከካርዳኑ ጋር በሚገናኝበት በፒኞኑ በኩል ነው? ወይስ ከጎማው ጀርባ፣ ዘይቱ ግራሶውን አጥቦ ጎማው ላይ ጥቁር ሾርባ የሚያወርድበት? ይህን የሚጠይቅ ሰው እንደ ነገረኛ ይታያል። ባለቤቱ ሲል ሊገዛ ወደ ሶማሌ ተራ ይላካል፤ በሳጥኑ ላይ «ጃፓን» የሚል ይዞ ይመለሳል። ከዚያ ፒኞኑን የያዘው ዳዶ ይፈታል። በብዙ ዲፈረንሻሎች ውስጥ በሁለቱ ኩሽኔታዎች መካከል፣ ዳዶው ሲጠብቅ በልክ እንድትጨፈለቅ የተሠራች የብረት ቀለበት አለች። ስለዚህ አስተዋይ መካኒክ ሳይፈታ በፊት ዳዶው የነበረበትን ቦታ ምልክት ያደርጋል፤ ሲመልሰውም ፒኞኑ በምን ያህል ክብደት እንደሚዞር በእጁ ይለካል። የኛው ልጅ ግን ቁልፉ ላይ የውኃ ቱቦ ሰክቶ ይንጠለጠልበታል። ሲወርድ «አሁን ለዘላለም ነው» ይላል። ኩሽኔታው እየጋለ ማልቀስ የሚጀምረው በኋላ፣ በሌላ ሰው ጋራዥ ነው። ለማረጋገጫ ዙሪያው ቀይ ሲሊኮን ይለቀለቃል፤ ዘይቱ የሚያመልጠው በሲሉ ከንፈርና በሚዞረው ብረት መካከል ስለሆነ ሲሊኮኑ እዚያ አይደርስም፤ ለዓይን ግን ያምራል።

መኪናው በሳምንቱ ሲመለስ ጥፋተኛው ዝግጁ ነው፤ ሻጩ። «ሲሉ ፎርጅድ ነው» በሚለው ላይ ባለቤቱና መካኒኩ ወዲያው ይስማማሉ፤ ሁለቱ የተስማሙበት ብቸኛ ነገርም ይኸው ይመስለኛል። ሌላ ሲል ይገዛል፤ ያም ይጥላል። ከአክስሉ አናት ላይ ያለችውን የአውራ ጣት የምታህል መተንፈሻ ግን የጠየቃት የለም። ዲፈረንሻል ሲሠራ ይሞቃል፤ አየሩ ይሰፋል፤ በመተንፈሻዋ ይወጣል። እሷን የዓመቱ ጭቃ ሲደፍናት፣ አፉ የተደፈነ ጀበና እንደሚገነፍል፣ ግፊቱ በደካማው በኩል፣ ማለትም በሲሉ፣ ዘይቱን ይገፋል። ተቃራኒውም አለ፦ የሞቀው አክስል ወንዝ ሲገባ በድንገት ቀዝቅዞ በዚያው በሲሉ ውኃ ይስባል፤ ዘይቱ ወተት ይመስላል። መተንፈሻዋን ነቅሎ በቤንዚን ማጠብ ከሲሉ ዋጋ ያነሰ ወጪ ነው፤ ችግሩም እዚህ ላይ ነው። በነፃ የሚታጠብ ነገር ምኑ ይታመናል? መካኒኩ ምን ብሎ የእጅ ዋጋ ይጠይቅበታል?

አንዳንዴ ደግሞ አሮጌው ሲል ከንፈሩ በሚያርፍበት ብረት ላይ ጎድጓዳ ቀለበት ቆፍሮ ይሄዳል። በጥፍር ይሰማል። እዚያ ላይ የተቀመጠ አዲስ ሲል ከአሮጌው ብዙም አይሻል። በጥፍሩ የሚዳብስ ግን ጥቂት ነው፤ ደንበኛው ደግሞ «ስለሚጥል ጨመር አድርገህ ሙላልኝ» ይላል። ዘይቱ ከመሙያው ቀዳዳ አፍ ካለፈ ትርፉ መውጫ ይፈልጋል፤ ስለዚህ ይጥላል፤ ስለዚህ ይጨመራል።

የሚገርመው መኪናው የፊት ጎማዎቹን የሚነዳበት አጋጣሚ አለመኖሩ ነው። የቶዮታ የአያያዝ መጽሐፍ በወር ቢያንስ 16 ኪሎ ሜትር ፊቱን አስገብታችሁ ንዱ ይላል፤ የፊቱ ብረታ ብረት ዘይት እንዲያገኝ። በደረቅ አስፋልት ላይ ሳይሆን በጠጠር ወይም በጭቃ ነው። የኛ ሰው ከቦሌ ሲኤምሲ ይመላለሳል፤ ፊቱን የሚያስገባውን ማንሻ ነክቶትም አያውቅ። «ለክፉ ቀን አስቀምጬው ነው፤ እንዳያልቅ» ይላል። ክረምት ላይ ሰፈሩ ውስጥ ጭቃ ሲይዘው ማንሻው አልገባም ይላል። ያን ጊዜ ከኋላ ሆኖ የሚገፋለት ቪትዙን አስፋልቱ ላይ አቁሞ የመጣው ጎረቤቱ ነው።