ጋቢያቸው ይውለቅና ይራመዱ

«አባታችን ጠንካራ ናቸው፤ ከአርዲቦ ሐይቅ ዳር ተነሥተው ሐይቅ ከተማ ገበያ በእግራቸው ነው የሚወርዱት!»

መቼ ነው የወረዱት? ዘንድሮ ወይስ አምና? አርዲቦ ከሐይቅ ከተማ ከፍ ብሎ ነው የተቀመጠው፤ መውረዱንማ ማን ያጣዋል! ሲመለሱ ዳገቱ ላይ ስንት ጊዜ ዐረፉ? ለኦፕራሲዮን ደረታቸውን የሚከፍተው ሐኪም የሚያስፈልገው የዛሬ ጉልበታቸው ነው፤ የአምናው ለወሬ ይቆየን።

«ራጁም ተነሥቷል፣ ኢኮውም ተሠርቷል፤ ሌላ ምን ቀረ?»

እግራቸው ቀረ! ራጅ ሳንባን ያያል፣ ኢኮ ልብን ያያል። ገበያ ወጥተህ በሬ ስትገዛ እንደተኛ ነው ብር የምትቆጥረው? አስነሥተህ፣ አስኪደህ፣ ዞረህ አይተህ ነው። ለአባትህ ከዚህ ያነሰ ምርመራ ይበቃል?

«የሚከፈተው ደረት፣ እግር ምን አገባው?»

የደረት ኦፕራሲዮን ዋናው ፈተና ከማደንዘዣው ከነቁ በኋላ ነው የሚመጣው። በጎን አጥንት መካከል የተከፈተው ቁስል እየጠዘጠዘ፣ በረጅሙ መተንፈስ፣ አክታን በሳል ማውጣት፣ ቶሎ ተነሥቶ መራመድ ግድ ነው። ጡንቻው ያለቀበት ሰው መሳል ያቅተዋል። አክታው ይጠራቀማል፣ የሳንባ ምች ይከተላል። ስፌቱ አምሮ የተሠራለት ሰው በዚህ ሊሞት ይችላል።

«ሐኪም በዓይኑ አይቶ አያውቅም እንዴ?»

ጋቢ ተከናንበው ምናቸውን ይይ? ጋቢው ይውለቅ፣ ክንዳቸው ይታይ። ቀበቶአቸውንም ተመልከት፦ ከመጀመሪያዎቹ ቀዳዳዎች ወዲህ በጋለ ሚስማር የተበሳ አዲስ ቀዳዳ አለ? አንድ ነው ሁለት? ሳያስቡት በአንድ ዓመት 4.5 ኪሎና ከዚያ በላይ መቀነስ፣ ሊንዳ ፍሪድ የተባለች ተመራማሪና ባልደረቦቿ እ.ኤ.አ. በ2001 ካስቀመጧቸው አምስት የአቅም መሟጠጥ ምልክቶች አንዱ ነው። የቀሩት የማይለቅ ድካም፣ የጭብጥ መላላት፣ የርምጃ መዘግየትና የእንቅስቃሴ ማነስ ናቸው። ከአምስቱ ሦስቱ ከተገኙ ጉዳዩ ብርቱ ነው።

«እኛ ዘንድ መለኪያ መሣሪያ የት አለ?»

5 ሜትር ገመድ ጠፋ? ሰከንድ የሚቆጥር ስልክስ? ጆናታን አፊላሎ የተባለ የካናዳ ሐኪም ከባልደረቦቹ ጋር ሆኖ፣ የልብ ኦፕራሲዮን ሊደረግላቸው የነበሩ 70 ዓመትና ከዚያ በላይ የሆኑ 131 ሰዎችን 5 ሜትር ብቻ አስኬዷቸው። እ.ኤ.አ. በ2010 በታተመው ጥናታቸው፣ 6 ሰከንድና ከዚያ በላይ የፈጀባቸው ሰዎች ለሞት ወይም ለከባድ ችግር የመጋለጥ ዕድላቸው ሦስት እጥፍ ገደማ ሆኖ ተገኘ። ገመድና ስልክ ደግሞ ደሴም ሐይቅም ይገኛል።

«ዕድሜያቸው ገፍቷል፤ ቢላዋ አይችሉም።»

ስንት ዓመታቸው ነው? «በ77ቱ ድርቅ ልጅ አድርሰው ነበር» ይባልና ካርዱ ላይ ግምት ይጻፋል። በግምት ሰው መመለስ በደል ነው! ደግሞስ ድካም የሽማግሌ ብቻ ነው ያለው ማን ነው? ቲቢ ሳንባውን የበላው፣ ደረቱ መግል የቋጠረ፣ የልቡ ቫልቭ የጠበበበት ወጣት በየሆስፒታሉ አለ። ካንሰር የምግብ ቧንቧውን የዘጋበት የ40 ዓመት ሰው፣ ዛሬም ከሚያርስ የ70 ዓመት ገበሬ በብዙ ይደክማል። ሁለቱም ይራመዱ፣ ሁለቱም ይለኩ።

«ደካማ ናቸው ከተባለማ ይመልሷቸዋል፤ ዝም እንበል።»

ይሄ ነው የሚያንገበግበኝ። አባትህን ከሐኪማቸው ደብቀህ ለማን ልታሳያቸው ነው? ድካሙ ሲታወቅ ደም ማነሱ ይታከማል፣ ሲጋራው ይቆማል፣ ምግቡ ይጠናከራል፣ አተነፋፈሱ ይለመዳል፤ አንዳንዴም ቀለል ያለ ኦፕራሲዮን ይመረጣል። ምዘናውን በር መዝጊያ የሚያደርግ ሐኪም ካለም እሱንም እንዲህ እለዋለሁ፦ ልኩን ያወቅኸው ልታዘጋጃቸው ነው!

«ጊዜ የት አለና? ወረፋው አያልቅ!»

ወረፋው ካላለቀማ ጊዜ አለ! ከደሴ ሪፈር ተጽፎ ጥቁር አንበሳ ሆስፒታል እስኪጠሩ ባሉት ሳምንታት ምን ተሠራባቸው? በቀን ሁለቴ ሐይቁ ዳር ወጣ ይበሉ። ከወንበር እጃቸውን ሳይደገፉ መነሣት ይለማመዱ። እንቁላሉም ወተቱም ይቅረብ፤ ከአርዲቦ የወጣው ዓሣ ገበያ ከመውረዱ በፊት ለእሳቸው ይጠበስ።

«ኧረ የታመመ ሰው ይተኛ እንጂ!»

ሐኪም ካልከለከላቸው አይተኙ። አልጋ ላይ የዋለ ጡንቻ በቀናት ውስጥ ይሟሽሻል። ጎረቤቱ ሁሉ እየመጣ «አብሽሩ፣ ጋደም ይበሉ» ይላቸዋል። ጥየቃው ይቀጥል፤ የመጣ ሰው ግን ክንዳቸውን ይዞ ደጅ ድረስ ያራምዳቸው፣ ከዚያ ቡናው ይጠጣ።

አንተም የሪፈር ወረቀት ይዘህ የምትሄደው አስታማሚ፣ ሐኪሙ እስኪጠይቅህ አትጠብቅ። ስንት ኪሎ እንደቀነሱ፣ በዓመቱ ስንት ጊዜ እንደወደቁ፣ ራሳቸው ይለብሱና ይታጠቡ እንደሆነ ሳታሳምር ንገረው። ከዚያም «ዶክተር፣ እባክዎ ሲራመዱ ይዩልኝ» በለው።